ፊቴ በሠላሳ ቀዳዳ

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ክቡር ባለቤቴ ጢሞቴዎስ ዛሬ ሳሎኑን ያዘ። ጦርነት እንኳ አላወጀም። ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሺፍቴን ጨርሼ ስገባ ሶፋው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የምግብ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ተባርሯል፤ መሐል ሜዳው ላይ የትሪ ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ ሞተር ተገጥሞለት ቆሟል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቴሌቪዥን።»

ቴሌቪዥን አለን። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሁሉን ያያል። ግን አልተከራከርኩም። ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ለሃያ ሰባት ዓመት ቴሌቪዥን የጠገነበት ሱቅ በሴፕቴምበር ከተዘጋ ወዲህ ከዚህ ሰው አፍ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

ኖቬምበር 6፣ ሐሙስ

ቸኩያለሁ። ቆርቆሮው እየተበሳ ነው። ሠላሳ ቀዳዳ፣ ከዳር ወደ መሐል እየተጠመዘዙ የሚገቡ። አንዷ ለጥቂት ብትስት ሁሉም ከንቱ ነው አሉ። ሁለት ቆርቆሮ ተበላሽቷል። የኩሽናው ቧንቧ ከኦገስት ጀምሮ ያንጠባጥባል፤ እርሱን የሚያይ የለም።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ልዑልቃል ከቅዳሴ በኋላ ቤታችንን ሊባርኩ መጡ፤ ማለትም ምሳ ሊበሉ። የቆርቆሮውም ምስጢር ያኔ ተገለጠ። ለእኔ በሁለት ወር አንድ ቃል የቆጠበው ሰውዬ ለእርሳቸው አርባ ደቂቃ አወራ። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ሰማሁ።

ለትውልድ ይቆይ፣ ልመዝግበው። ጆን ሎጊ ቤርድ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነበረ። ይህ ሰው አስቀድሞ ካልሲ ሸጧል። ትሪኒዳድ ድረስ ሄዶ ጃም ቀቅሏል፤ ጃሙ ላይ ነፍሳት ዘምተውበታል። አልማዝ እፈጥራለሁ ብሎ ግላስጎው ውስጥ መብራት አጥፍቷል። የኪንታሮት መድኃኒት ቀምሞ በራሱ ላይ ሞክሮ መቀመጥ አቅቶታል። እንግዲህ ይህ መቀመጥ ያቃተው ሰው ነው የዓለምን ሕዝብ ሶፋ ላይ ያስቀመጠው። ከሻይ ሳጥን፣ ከባርኔጣ ሳጥን፣ ከብስክሌት መብራትና ከመርፌ የሚሽከረከር ነገር ሠራ። ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ በሰው ፊት ያልፋሉ፤ እያንዳንዷ አንዲት ቀጭን የብርሃን መስመር ትለቅማለች፤ ሌላ ክፍል ያለው መንትያ ቆርቆሮ ደግሞ መስመሮቹን መልሶ ይሰፋቸዋል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በጃንዋሪ 26፣ 1926 ሶሆ ውስጥ፣ ፍሪዝ ስትሪት ላይ፣ ለሊቃውንቱ አሳያቸው። እነሆ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

ጋሽ ልዑልቃል ጉርሻቸውን አቁመው ተነሡ። «ይህች አገር ተቀብላናለች! እኛም ለታሪኳ አንድ ነገር ማበርከት አለብን! በዕለቱ በአዳራሻችን እናሳያለን!» ባለፈው ዓመት ለዚህች አገር ያበረከቱት የሦስት ሰዓት ንግግር ነው።

«ታዲያ ይህ ማሽን የት ደረሰ?» አልኩ ከኩሽና።

በኋላ ራሴ ስልኬ ላይ ቼክ አደረግሁት። እዚሁ ከእኛ በላይ ካለው አሌክሳንድራ ፓላስ፣ ከያኔው ማሰራጫ ጣቢያ፣ ሳምንት በሳምንት እያፈራረቁ ከኤሌክትሮኒኩ ቴሌቪዥን ጋር አወዳደሩት፤ ሦስት ወር ሳይሞላው በፌብሩዋሪ 1937 አሰናበቱት። ባሌ ከዓለም መሣሪያዎች ሁሉ መርጦ የወደደው ከሥራ የተባረረውን ነው።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

እኅቴ እድላዊት ከማንችስተር ደወለች። ልጇ አግብቶ ወጥቷል፤ አንድ ክፍል ባዶ ነው።

«ነይ» አለችኝ።

«ለሽርሽር?»

«ለመኖር። አንቺ ምግብ ትሠሪያለሽ፣ እኔ አደርሳለሁ። ደንበኛ ሞልቷል። ግድግዳ ከግድግዳ ጋር እያወራሽ ልትሞቺ ነው እንዴ?»

«ግድግዳው ይሻላል፤ ቢያንስ ያስተጋባል።»

«ቀልዱን ተይው ሮማንወርቅ። እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ለአንዲት ነርስ ነው የምሰጠው።»

እሄዳለሁ አላልኩም። አልሄድምም አላልኩም። ጢሞቴዎስ እንዴት ዝም እንዳለ አልነገርኳትም። ሱቁ የተዘጋ ቀን አንድ ነገር ተናግሬዋለሁ። ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ሰው ሲናደድ የማይለው የለም። እርሱም ቢሆን ያኔ መልስ መስጠት ይችል ነበር። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረን፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር!

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ማሽኑ ፊት አማረው። መጀመሪያ የሻይ ጀበና አስቀመጠለት፤ ከዚያ ኳስ፤ ከዚያ የጸጉር ቤት አሻንጉሊት ራስ። ስኮትላንዳዊውም በአሻንጉሊት ራስ ነበር የጀመረው፤ መብራቱ ሕያው ሰው ስለሚያቃጥል። እኛም ጋ ሁለት ግዙፍ የግንባታ ቦታ አምፖሎች ከወንበሩ ፊት ለፊት ተተክለዋል። ዛሬ አሻንጉሊቱ አገጩ ቀለጠ። ስለዚህ ሕያው ሰው ተፈለገ።

«ተቀመጪ» አለኝ።

«ምን ላድርግ?»

«ፊትሽን አንቀሳቅሺ። ዝም ካልሽ ሰው ሁኚ ድንች ሁኚ አይለይም።»

«እንዴት ላንቀሳቅሰው?»

«አውሪ። ድምፅ የለውም።»

ይህን ብሎ ሽቦውን በበሩ ሥር አሳልፎ፣ በሩን ዘግቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እዚያ በጨለማ፣ በመንትያው ቆርቆሮና በአጉሊ መስተዋት፣ የክብሪት ቀፎ በምታክል ምስል ያየኛል አሉ። ሞተሩ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። እኔም የትምህርት ቤቱን የሳምንት ሜኑ ከሰኞ እስከ ዓርብ አነበነብኩለት። ተመልሶ ገብቶ «ግንባርሽ ከአገጭሽ ሥር ነው» አለኝ። ሁለቱ ቆርቆሮዎች እኩል አልዞሩም ማለት ነው። በሰከንድ አሥራ ሁለት ጊዜ ተኩል መዞር አለባቸው። ሠላሳ ዓመት እኩል ያልዞርን ሰዎች ከቆርቆሮ እንጠብቃለን።

ኖቬምበር 21፣ ዓርብ

ዛሬም ተቀመጥኩ። ሜኑው አለቀብኝ። አየሁ፤ በሩ ዝግ ነው፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ድምፅ የለውም። እንግዲያስ ብዬ ጀመርኩ። ስለ ቧንቧው። እንዲህ ያለ ምሬት ከዕንባቆም ወዲህ አልተሰማም። «አንተ የቆርቆሮ ንጉሥ፣ በቤትህ ውስጥ ዓባይ እየፈሰሰ አንተ ፊት ትሰፋለህ!» ደስ አለኝ። ላብ በላብ ሆኜ፣ ግን ደስ አለኝ።

ኖቬምበር 25፣ ማክሰኞ

ጾሙ በገባ በማግሥቱ ተአምር። ቧንቧው ተሠርቷል። ለሦስት ወር በግልጽ አማርኛ ስለምነው የነበረው ቧንቧ! ጢሞቴዎስን «ምን ገባብህ?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

ለሱልጣና ነገርኳት፤ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጥን። የወሎ ልጅ ናት፣ ምላሷ ከቢላዋዋ ይቀድማል።

«ወላሂ ዱዓሽ ደርሷል» አለች።

«ዱዓ አላደረግሁም። ሰደብኩት እንጂ።»

«ታዲያ ቀጥይበታ፣ ሮሚዬ። የእኔው በምርቃትም አልሠራ ብሏል።»

ዲሴምበር 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ ለአምፖሎቹ ስለ መኝታ ቤቱ መስኮት ነገርኳቸው፤ ነፋሱ ጆሮዬን እንደሚቆርጠው። ስለ ጸጉሬም። ካሳጠርኩት ሁለት ሳምንት ሆነ፤ ከትምህርት ቤቱ ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ሕጻናት በቀር ያየልኝ የለም።

ዲሴምበር 4፣ ሐሙስ

የመስኮቱ ዳር በላስቲክ ተደፍኗል። ቁርስ ላይ ደግሞ ያ ሰው ሻዩን አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለፓርላማ እንደሚናገር «ጸጉርሽ... ጥሩ ነው» አለኝ። ግንባሩን በእጄ ነካሁት። ትኩሳት የለውም።

ዲሴምበር 7፣ እሑድ

አሁን ደግሞ ከንፈር ቀለም ይዞልኝ መጣ። ጥቁር ሰማያዊ! በዕድሜዬ ከዚህ ሰው የከንፈር ቀለም ተቀብዬ አላውቅም፣ ሲመጣ ደግሞ የሬሳ ቀለም።

«የዚያን ጊዜዎቹ እንዲህ ይቀቡ ነበር» አለ። «ማሽኑ ቀይ አይለይም። ፊታቸውን ነጭ፣ ከንፈራቸውን ሰማያዊ።»

«እኔን ነጭ ዱቄት ልትቀባኝ ነው?»

«የለም፣ የለም። ፊትሽ ደኅና ነው። አፍሽ ብቻ ነው... አልጠራ ያለው።»

አፌ ጠርቶ አያውቅም፣ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ተቀባሁ። መስተዋት ውስጥ ጥቁር እንጆሪ የሰረቀች መነኩሴ መሰልኩ።

ዲሴምበር 14፣ እሑድ

ልጃችን ዲና ከኬኒንግተን መጣች። እኔ ወንበሩ ላይ፣ እርስዋ ኮሪደሩ ላይ ከአባቷ ጋር። በበሩ በኩል ጩኸቷ ደረሰኝ። «ኦ ማይ ጎድ! ማሚ፣ ዩ ሉክ ላይክ ኤ ጎስት!» መንፈስ ሆኜ ለማየት ሞቼ ነበር፤ ግን ራሴን ማየት አይቻልም፤ ወንበሩን ከለቀቅሁ ምስሉም የለም። የዚህ ማሽን ጸባይ እንደ ባለቤቱ ነው፤ እኔ ሳለሁ ነው የሚሠራው፣ ሆኖም ለእኔ አያሳይም።

ስትወጣ ኮቷን እየለበሰች «ማሚ፣ ዳዲ ለምን ሁለት ሰዓት ያስቀምጥሻል?» አለችኝ። «ቴስት ለማድረግ እኮ ፋይቭ ሚኒትስ ይበቃል። ኢት ዎርክስ። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ይሠራል ብሎኛል።»

«አባትሽን ታውቂው የለ። ጠንቃቃ ነው» አልኳት።

ስለ ማንችስተር ለእርስዋም አልነገርኳትም።

ዲሴምበር 20፣ ቅዳሜ

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ እዚያ ወንበር ላይ፣ ያልጠበቅሁት ነገር ከአፌ ወጣ። ስለ ራት ጀምሬ ነበር። እንዴት እንደዞረ አላውቅም። ሱቁ የተዘጋ ቀን ያልኩትን አነሣሁት። እንግዲህ ይጻፍ፤ «እንኳን ዘጉት፤ የሞተ ዕቃ ስትደባብስ ነው አብረኸው የሞትከው» ነበር ያልኩት። ቁልፉን ገና ከእጁ ሳያስቀምጥ። ለሁለቱ አምፖሎች ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አለቀስኩ መሰለኝ፤ ሙቀቱም ነው፤ ሃሎጅን ዓይን ያቃጥላል።

ጢሞቴዎስ ሞተሩን አጥፍቶ ለመግባት ብዙ ቆየ። ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። በጨለማ በአጉሊ መስተዋት ማየት ለዓይን አይበጅም ብዬዋለሁ።

ዲሴምበር 30፣ ማክሰኞ

ነገርኩት። ማለትም፣ ለቆርቆሮው ነገርኩት። እድላዊት ትላንት ደውላ ጨቅጭቃኝ ነበር፤ ነርሷ እየጠየቀች ነው አለች። ስለዚህ ዛሬ ልምምድ አደረግሁ። ፊት ለፊት ስናገር እንዳይጠፋብኝ። «ማንችስተር ልሄድ ነው። ከአንተ ሸሽቼ አይደለም፣ ከዝምታው ነው። ትልቁን ሻንጣ ነው የምወስደው፤ ዚፑ ግን ተበላሽቷል።» ዚፑን ምን አመጣው? ሰው ትልቅ ነገር ሲናገር ትንሽ ነገር ይገባበታል።

ጢሞቴዎስ ራት አልበላም። ጾሙ ነው የጎዳው። ሽሮውን ሁለት ጊዜ አማስሎ ተወው።

«ነገ ትቀመጫለሽ?» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«ሠርቶ የለም እንዴ?»

«ገና አልጠራልኝም።»

ጃንዋሪ 7፣ ረቡዕ

ገና። ዶሮ። ዝምታ። ዲና ሁለታችንንም አይታ «ሁ ዳይድ?» አለች።

ጃንዋሪ 16፣ ዓርብ

ሱልጣና ጋ አፌ አመለጠኝ። ማንችስተርን ነገርኳት።

«ባልሽስ ምን አለ?»

«አያውቅም።»

«ሁለት ወር ሙሉ በየቀኑ ፊትሽን ሲያይ ይኖርና አያውቅም?»

«ድምፅ የለውም አልኩሽ እኮ።»

ካሮቱን አስቀመጠች። «አንቺ ሴትዮ» አለች፣ «አላህ ጮሌነትን ሰጥቶሽ ሌላውን ረስቶታል።» ምን ለማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ስትቀና እንዲህ ናት።

ጃንዋሪ 22፣ ሐሙስ

ጋሽ ልዑልቃል ለመሰናዶ ስብሰባ መጡ። ንግግራቸው አሥራ አንድ ገጽ ነው። ጢሞቴዎስ «አዳራሹ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ብቻ ነው የተፈቀደልን፤ ከዚያ ዙምባ አለ» አላቸው። «ዙምባ ማን ነው?» አሉ፤ የዳንስ ስፖርት መሆኑን ማን ይንገራቸው።

ሰኞ ካለፈ በኋላ እነግረዋለሁ። በድምፅ። አሁን ብነግረው እጁ ይንቀጠቀጥና ማሽኑ ይበላሻል፤ ጥፋቱም የእኔ ይሆናል። ለማሽኑ ስል ነው።

ጃንዋሪ 26፣ ሰኞ

በቅደም ተከተል ልሂድ።

ከሥራ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። አዳራሹ ሞላ፤ አረጋውያኑ በሙሉ ከፊት፣ ከእነርሱም ጎን ለእንዲህ ያለ ማሽን ፍቅር ከሩቅ የመጡ፣ የጀርባ ቦርሳ ያነገቱ ሁለት እንግሊዛዊ ሽማግሌዎች። በአንድ በኩል ወንበሩ፣ አምፖሎቹና ቆርቆሮው። መሐል ላይ መጋረጃ። ከመጋረጃው ጀርባ ጢሞቴዎስ ከመንትያው ቆርቆሮ ጋር። አንድ ሰው ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ተራ በተራ ያዩታል። ለሕጻን እንኳ የሚገባ ሥርዓት።

ጋሽ ልዑልቃል ንግግራቸውን ከኖኅ መርከብ ጀመሩ። ስኮትላንዳዊው ጋ ሲደርሱ አንድ ሰዓት ከሩብ ሄዷል። ጢሞቴዎስ በመጋረጃው ላይ አንገቱን አውጥቶ «እንግዲህ የመጀመሪያው ፊት የሊቀ መንበራችን ይሁን» አለ፤ ሞተሩንም አስነሣ።

ስሕተቱ ይህ ነበር። ለአንድ የእኛ ሽማግሌ በሰው ፊት «ይቅደሙ» አይባልም።

«እኔ?» አሉ ጋሽ ልዑልቃል፣ ደረታቸውን ይዘው። «አቶ ዘውዴ እያሉ? አይደረግም!»

ሰማንያ አራት ዓመት የሆናቸው አቶ ዘውዴ በከዘራቸው ተነሡ። «ኧረ ጌታዬ! በሊቀ መንበር ፊት? ምን በደልኩ?»

«በዕድሜ አንቱ ይበልጣሉ!»

«በማዕረግ አንቱ!»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

«እንዲያውም እንግዶቻችን ይቅደሙ!»

ያኔ አንደኛው እንግሊዛዊ የገባው መሰለው። ይህስ የእርሱም አገር በሽታ ነው፤ ብድግ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «ኖ፣ ኖ፣ አፍተር ዩ» አለ። አለቀ! አራት ሽማግሌ አንድ ባዶ ወንበር ከቦ ይሰግዳል። አምፖሎቹ ለባዶ ወንበር ይነድዳሉ። ሞተሩ መሽተት ጀመረ። አንድ ጊዜ ጋሽ ልዑልቃል እጃቸውን ተይዘው ወንበሩ ጫፍ ላይ ደረሱ፤ ግን አቶ ዘውዴ «ተባረኩ» ብለው በረጅሙ ስለተነፈሱ፣ ሊቀ መንበሩ «ቅር ብሏቸዋል» ብለው መልሰው ተነሡ። በሩ ላይ የዙምባ ሴቶች ምንጣፋቸውን ታቅፈው ተሰለፉ። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ።

ከመጋረጃው በላይ የጢሞቴዎስን ፊት አየሁት። ሱቁ የተዘጋ ቀን የነበረው ፊት ነው፤ ቁልፉን ይዞ የቆመበት።

ሄጄ ተቀመጥኩ።

አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ሴት፣ ከአራት ሽማግሌ ቀድማ! ከንፈሬ ላይ ቀለም የለ፣ ፊቴ ላይ ምንም የለ። እንደ ልማዴ ለአምፖሎቹ ፈገግ አልኩና፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ በሹክሹክታ ጀመርኩ። «እነዚህን አየህልኝ? ጋሽ ልዑልቃልማ ጠዋት ሱሪ ሲለብሱ ቀኝ እግራቸው 'አንቱ ይቅደሙ'፣ ግራው 'በሞቴ አንቱ' ሲባባሉ፣ ስንት ሰዓት ላይ ይሆን ሱሪው ውስጥ የሚገቡት?»

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። የጢሞቴዎስ ሳቅ። ከሴፕቴምበር ወዲህ ያልሰማሁት፣ በሳል የሚያልቀው ሳቅ። ከዚያም ከሞተሩ በላይ የሚሰማ ጩኸት። «ኧረ ሮሚ! ሱሪያቸውን ተዪላቸው!»

አዳራሹ በሙሉ የጋሽ ልዑልቃልን ሱሪ አየ። ጋሽ ልዑልቃልም ቁልፋቸውን ዳበሱ።

እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። እንግሊዛውያኑ ተራ በተራ አጎንብሰው አዩኝ። «ሪማርካብል» አለ አንዱ። «ሶ ስቴዲ» አለ ሌላው። በሕይወቴ እንደዚያ ሳልንቀሳቀስ ተቀምጬ አላውቅም። ድንች ሆኜ ነበር።

ከዚያ ዙምባ ገባ።

ቤት እንደደረስኩ ቀጥታ ወደ መኝታ ቤት። ከአልጋው ሥር ትልቁን ሻንጣ ጎተትኩ። ዚፑን ሳብኩት። እንደ ቅቤ ሄደ። አዲስ መጎተቻ ሁሉ ተገጥሞለታል።

ቧንቧው። መስኮቱ። ጸጉሬ። ከንፈር ቀለሙ። ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። ያ ያለቀስኩበት ቀን። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እኔ ራሴን ብልህ ሴት ነኝ ብዬ ሃምሳ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ።

ጃንዋሪ 27፣ ማክሰኞ

ከሥራ መልስ ኩሽና ውስጥ ያዝኩት። ሞተሩን ፈታትቶ እያጸዳ ነበር።

«ሰላይ!» አልኩት።

ሞተሩን መጥረጉን ቀጠለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰማኝ?»

«አልሰማሁሽም። አየሁሽ።» ጨርቁን አስቀመጠ። «ሱቁ ውስጥ አለቃዬ ጫጫታ አይወድም ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ነው ያየሁት። ዜናውንም ድራማውንም ከአፋቸው ነው የማነበው። የአንቺ ደግሞ... ያንቺን አፍ በጨለማም አውቀዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ምሳሌ ስታበዢ ይጠፋኛል። ዋናውን ግን አዎ።»

«ስለ ሱቁ ያልኩትንም?»

«ይቅርታ ጠይቀሽኛል።»

«አልጠየቅሁም!»

«ጠይቀሻል። በዲሴምበር። ሦስት ጊዜ።»

«ማንችስተርንም አውቀህ ዚፕ ትጠግናለህ? ሚስትህ ልትሄድ ነው፣ አንተ ዚፕ!»

«ምን ላድርግ? የምትሄጂ ከሆነ መንገድ ላይ እንዳይበተንብሽ።»

ከሰው ልጅ ታሪክ ይህን የመሰለ ቂል አልተወለደም። ባለ ኪንታሮቱ ስኮትላንዳዊ ከእርሱ ፊት ሰሎሞን ነው። እያለቀስኩም እየጮኽኩም «ታዲያ ካወቅህ ለምን አንዲት ቃል አልተናገርክም?» አልኩት።

«ብናገር ታቆሚያለሽ» አለ። «እዚያ ወንበር ላይ ብቻ ነበር የምታናግሪኝ። ሌላ ጊዜ ትሰድቢኛለሽ እንጂ አታናግሪኝም።»

መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜ መልስ አለኝ። ግን እየፈለግሁት ሳለ ጊዜው አለፈ።

ጃንዋሪ 29፣ ሐሙስ

ለእድላዊት ደወልኩ።

«ክፍሉን ለነርሷ ስጫት።»

«ምን? ምን አደረገልሽ? አበባ ገዛ?»

«የለም።»

«ሥራ አገኘ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምን ተለወጠ?»

«ምንም። ሲያዳምጠኝ ነበር።»

«ከበር ጀርባ?»

«ከበር ጀርባ።»

«ለዚህ ብለሽ?»

«ለዚህ።»

እድላዊት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው። እኔም ብሆን እዘጋብኝ ነበር።